ወራት የሚያስቀምጠው ልጅ፦ የአንጀት መቆጣት በሽታ ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ ልጅ ሲያስቀምጠው ቀድሞ የሚጠረጠረው አሜባ፣ ጃርዲያ ወይም የተበከለ ውኃ ነው። ጥርጣሬው ልክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ሆኖ ይገኛል። ችግር የሚሆነው ተቅማጡ ሁለተኛና ሦስተኛ ወሩን ይዞ፣ ልጁም ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ደጋግሞ ወስዶ ሳይሻለው፣ ያው ጥርጣሬ እንደገና መድኃኒት ሲያስገዛ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ምንም ተውሳክ የሌለባቸው አሉ። የሚያስቀምጣቸው የገዛ ሰውነታቸው የመከላከያ ኃይል አንጀታቸውን ስለሚያቆስለው ነው። ሕክምናው የአንጀት መቆጣት በሽታ ይለዋል። ለዓመታት የሚቆይ፣ ተሻለ ሲባል የሚያገረሽ፣ ግን ሊገታ የሚችል ሕመም ነው።

በጤነኛ አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች በሰላም ይኖራሉ። ከእነሱ የሚለየን አንድ ስስ ሽፋን ነው፤ ከሽፋኑ ሥር ያሉት የመከላከያ ሴሎች የትኛውን ትተው የትኛውን እንደሚወጉ ይለያሉ። በዘር የመጣ ዝንባሌ፣ የባክቴሪያዎቹ ዓይነት መዛባትና የአኗኗር ለውጥ ሲደራረቡ ይህ ልየታ ይበላሻል። ነጭ የደም ሴሎች ግድግዳውን ይወርራሉ፤ ቁስል ይፈጠራል፤ ደምና ፕሮቲን ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ምችም፣ ቡዳም፣ እናት ያበላችው ምግብም አላመጣውም፤ ይህን አጥብቀን የምንናገረው ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባለው ከፊንጢጣ ተነስቶ ሳይቆራረጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትልቁን አንጀት አያልፍም፤ የሚያቆስለውም ውስጠኛውን ሽፋን ብቻ ነው። በልጆች ላይ ብዙውን ጊዜ መላውን ትልቅ አንጀት ይይዛል፤ በዚህ ከአዋቂዎች ይከፋል። ክሮንስ የሚባለው ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ እየዘለለ ያቆስላል፤ የግድግዳውንም ሙሉ ውፍረት ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ አንጀት ያጠብባል፣ ይበሳል፣ ወደ ቆዳ የሚወጣ ቀዳዳ ማለትም ፊስቱላ ያበጃል። ቡሪል ክሮንና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1932 ሲገልጹ ያዩት ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ነበር። ዛሬም በብዛት የሚገኘው እዚያው ነው። የአንጀት ቲቢም የሚመርጠው ያንኑ ቦታ ነው፤ ለእኛ አገር ሐኪም ከባዱ ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቁመት ቀድሞ ይናገራል

ክሮንስ ያለበት ልጅ የግድ ደም ወይም ተቅማጥ አያሳይም። ምግብ ይጠላል፣ ይደክመዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ከበላ በኋላ በቀኝ በኩል ከእምብርቱ በታች ይቆርጠዋል። ከሁሉም ቀድሞ ግን ቁመቱ ይቆማል። ምክንያቱ የምግብ ማነስ ብቻ አይደለም። ከተቆጣው አንጀት የሚለቀቁ ኬሚካሎች፣ በተለይ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው፣ ጉበት የአጥንት ዕድገትን የሚያዝዘውን ሆርሞን በበቂ እንዳያመርት ያደርጋሉ። ስለዚህ ልጁን ቅቤና እንቁላል አብዝቶ መቀለብ ብቻውን ቁመቱን አይመልስም፤ መቆጣቱ መጥፋት አለበት።

በቤተሰብ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «አባቱም አጭር ነው» የሚል ነው። የአጭር ሰው ልጅ ግን አጭር ሆኖም ቢሆን በየዓመቱ ያድጋል። ለጉርምስና ያልደረሰ ልጅ በዓመት ውስጥ ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ከጨመረ መመርመር አለበት። በ13 ዓመቷ ጡት ማውጣት ያልጀመረች ልጅ፣ በ14 ዓመቱም የጉርምስና ምልክት ያልታየበት ወንድ ልጅ እንዲሁ። ጤና ኬላ ላይ የሚያዘው የክንድ ዙሪያ መለኪያ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ በዚያ አይጣራም፤ አምስት ዓመቱን ሲጨርስ የዕድገት ካርዱም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚለካው ካልተገኘ ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያድግ ቆይቶ ማንም ላያውቅ ይችላል። ጉርምስናው አልቆ አጥንቱ ከተዘጋ ደግሞ የጠፋው ቁመት አይመለስም።

መለካቱ ቀላል ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። ጫማና ካልሲ ይወልቃል፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ይነካሉ፤ ዓይን ፊት ለፊት ያያል፤ ጠፍጣፋ ነገር አናቱ ላይ በልኩ ያርፋል። ሹሩባ ያላት ልጅ ጉንጉኑ ከመለኪያው ሥር እንዳይገባ ወደ ጎን ይደረግላታል። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ይደገማል። በየወሩ መለካት የመለኪያ ስህተትን ዕድገት ያስመስላል፤ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ይበቃል።

የደም ምርመራውን በሚመለከት ደሴ ላይ ብዙ ጊዜ የምትዘነጋ አንዲት ነገር አለች። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በከፍታ የሚኖር ሰው ሂሞግሎቢኑ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሙ ፕሮቲን፣ በተፈጥሮ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ልጁ ደም አንሶታል ወይ ሲባል በመጀመሪያ ከተነበበው ቁጥር ላይ ከ1 ግራም በዴሲ ሊትር በላይ መቀነስ ያስፈልጋል። የደሴ፣ የኩታበር ወይም የደላንታ የአሥር ዓመት ልጅ 12 ቢነበብለት ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ይመስላል፤ ከፍታው ሲታሰብ ግን ከ11.5 መስፈርት በታች ወርዷል፤ ደም አንሶታል።

ከተራ የሆድ ሕመም የሚለዩት ሌሎች ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ፊንጢጣ አካባቢ የሚወጣ ትርፍ ሥጋ ወይም መግል የሚቋጥር እባጭ፣ የማይድን የአፍ ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚያብጥ ጉልበት፣ እየተመላለሰ የሚቀላ ዓይን። ፊንጢጣን ማየት ብዙ ባለሙያ ከልጁ ሐፍረት የተነሳ ይዘለዋል። ባይዘለል ብዙ ልጅ ቶሎ ይገኝ ነበር።

ከስቴሮይድ በፊት የሚጣሩት

ስቴሮይድ መቆጣቱን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ የመከላከያ ኃይልን ስለሚያዳክም ግን ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉት መጣራት አለባቸው።

አሜባ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ከረጢት መሰል ቅርጽ፣ ሲስት የሚባለው፣ ጎጂውም አሜባ ምንም የማያደርገው ዘመዱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። አሜባው ደሙን እንዳመጣ የሚያረጋግጠው ተንቀሳቃሹ አሜባ ቀይ የደም ሴል ውጦ ሲታይ ነው፤ ለዚህም ሰገራው ትኩስ ሆኖ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከገጠር በላስቲክ ተቋጥሮ ግማሽ ቀን የቆየ ሰገራ ለዚህ አይሆንም። በትክክለኛ መጠን ሁለት ጊዜ ታክሞ ያልዳነ ልጅ ሦስተኛ ዙር ከሚሰጠው ሌላ ምርመራ ቢታዘዝለት ይሻላል።

ቢልሃርዚያ። ሐይቅ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡና የቦርከና ወንዝ ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዚያ የሚታወቅባቸው ናቸው። የሚዋኝ፣ ከብት የሚያጠጣ ወይም መስኖ የሚሠራ ልጅ ደም ቢያስቀምጠው እንቁላሉ ካቶ ካትዝ በሚባለው የሰገራ ምርመራ ይፈለጋል። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል። ከሳምንታት በኋላ ደሙ ካልቆመ ምርመራው መቀጠል አለበት፤ ቢልሃርዚያ መገኘቱ ሌላውን ሕመም አያስቀርም።

የአንጀት ቲቢ። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ መሳሳቱ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ቲቢ የያዘውን ልጅ ክሮንስ ነው ብሎ ስቴሮይድ የሰጠው ሐኪም ቲቢውን በመላ ሰውነቱ ይበትነዋል። ክሮንስ ያለበትን ቲቢ ነው ያለው ደግሞ ስድስት ወር ያለ ጥቅም ያስውጠዋል። በቀጭን ቱቦ አንጀት ውስጥ በሚገባ ካሜራ ሲታይ የቲቢ ቁስል አንጀቱን በአግድም ይዞራል፤ የትንሹና የትልቁ አንጀት በር ተከፍቶ ይቀራል። የክሮንስ ቁስል ግን በቁመት ይሰነጠቃል፤ በመካከሉም ጤነኛ ሥጋ ይተዋል። የፊንጢጣ እባጭ ወደ ክሮንስ ያደላል፤ በሆድ የተጠራቀመ ውኃና በሳንባ ራጅ ላይ የታየ ጠባሳ ወደ ቲቢ። ሥጋው ሲመረመር መሐሉ የሞተና እርስ በርሱ የተያያዘ የሴል ክምችት ከተገኘ ቲቢ ነው። የቲቢ ባክቴሪያን ጂን የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ ከሥጋው ላይ ቲቢ ካሳየ ጉዳዩ አለቀ፤ አላየሁም ካለ ግን አላለቀም፤ በአንጀት ሥጋ ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ያመልጠዋል። ጥርጣሬው ካልለየ የቲቢ ሕክምና ተጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ካሜራው ይደገማል። ቲቢ ከነበረ ቁስሉ ድኖ ይታያል። ልጁ ክብደት ጨመረ፣ ተሻለው ብሎ ካሜራውን መተው ስህተት ነው፤ ክሮንስም ለጥቂት ጊዜ ራሱ ጋብ ይላል።

ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ቀጭን ትልም አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ስቴሮይድ ሲጀመር ግን ተባዝቶ ደምና ሳንባን ሊወርርና ሊገድል ይችላል። ተራው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። በባዶ እግሩ ለሚሄድ ልጅ ስቴሮይድ ከመታዘዙ በፊት አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት መስጠትን እኛ እንደ ትርፍ ጥንቃቄ አናየውም።

ኮሶ፣ ፌጦ በሎሚና ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የቆሰለ አንጀት ላይ መስጠት ደሙን ያብሳል። ለሕመሙ ተብሎ የሚገዛው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጠበል መጠመቅ ወይም ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ማስደረግ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። የሚጣላው መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው።

ካሜራውና ናሙናው

ካሜራው ከመታዘዙ በፊት ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ ብዙ ልጅ ከድካም ያድናል። ነጭ የደም ሴሎች ወደ አንጀት ሲፈሱ ይዘውት የሚመጡት ፕሮቲን ነው። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮ ግራም በታች ከሆነ አንጀቱ የመቆጣቱ ዕድል ትንሽ ነው፤ ብዙ መቶ ከሆነ ምርመራው ይቀጥላል። ለምን እንደተቆጣ ግን አይናገርም፤ ቲቢም፣ ደም የሚያስቀምጠው ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያም ከፍ ያደርጉታል። ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም በጤናቸው ከፍ ይልባቸዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ በቀዝቃዛ ሳጥን ሆኖ በሦስት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።

በልጅ ላይ ከላይም ከታችም ካሜራ ይገባል፤ የታችኛውም እስከ ትንሹ አንጀት ጫፍ መድረስ አለበት። ከእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሁለት ሁለት ናሙና ይወሰዳል፤ ጤነኛ ከሚመስለውም ጭምር። እያንዳንዱ ናሙና ከስንዴ ፍሬ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሁሉንም አንድ ጠርሙስ ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው። ከየት እንደተወሰደ ካልተለየ ሥጋውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው የፓቶሎጂ ባለሙያ ሕመሙ እየዘለለ ይሁን ሳይቆራረጥ ማወቅ አይችልም። ፎርማሊን ደግሞ የቲቢ ባክቴሪያን ስለሚገድልና ጂኑንም ስለሚጎዳ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማየት) እና ለጂን ኤክስፐርት የሚሆኑት ናሙናዎች በንጹሕ ሳላይን ለብቻ መቀመጥ አለባቸው። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበ ልጁ እንደገና በባዶ ሆዱ ውሎ፣ እንደገና ሰመመን ተሰጥቶት ካሜራው ይደገማል።

ምግብ እንደ መድኃኒት

የልጆች ክሮንስ ላይ የተሠራው ምርምር ካስገኘው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ልጁ ፎርሙላ ከሚባለው፣ ከዱቄት ከሚበጠበጥ የተሟላ ምግብ በቀር ምንም ሳይበላ ቢቆይ ከአሥሩ እስከ ስምንቱ ሕመሙ ጋብ ይልላቸዋል። ይህ ከስቴሮይድ ጋር እኩል ነው፤ የአንጀቱን ቁስል በማዳንና ዕድገትን በመመለስ ደግሞ ይበልጣል። የአውሮፓ የልጆች የአንጀት ሐኪሞች መመሪያ ለተራው ክሮንስ ቀዳሚ አድርጎ የሚያዝዘውም ይህንኑ ነው። ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ አይሠራም።

30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ሁለት ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ በስድስት ወይም በስምንት ኩባያ ይከፈላል። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ፣ ከዚያ በሦስት አራት ቀን ሙሉው። ውኃ ይፈቀዳል። መጠጣት ያቃተው ልጅ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። በጣም የከሳ ልጅ ግን በአንዴ ከጠገበ የደሙ ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ልቡን ሊያቆም ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ መጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝቶ፣ ደሙ እየተለካ፣ በዝግታ ነው የሚጀምረው። የእግር እብጠትና ድንገተኛ ድካም ማስጠንቀቂያ ናቸው።

ይህ ሕክምና የሚከሽፈው ቤት ውስጥ ነው። ዱቄቱ ውድ ስለሆነ እንዲበረክት ያቀጥኑታል፤ ልጁ ሁለት ሊትር ይጠጣል፣ ያገኘው ግን የአንድ ሊትር ጉልበት ነው። ማንኪያው ሳይቆለል፣ ተስተካክሎ፣ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ መበጥበጥ አለበት። ባቲና ከሚሴ ሙቀቱ ስለሚያበላሸው የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፤ ፍሪጅ ካለ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ሁለተኛው ጉርሻ ነው። ከአንድ ትሪ በሚበላ ቤት ልጁ ኩባያ ይዞ ዳር ሲቀመጥ አያቱ አንጀቷ አይችልም፤ «አንዲት ብቻ» ብላ ታጎርሰዋለች። አንዲቷ በየማዕዱ ከተደገመች ሕክምናው ተበላሸ። ልጁን ከማዕድ ከማራቅ ይልቅ ኩባያውን ሁሉም በሚበሉበት ሰዓት አብሯቸው እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል። ጾምና ረመዳን የታመመን ልጅ እንደማይዙት ቄሱም ሼኩም ቢነግሩት ለልጁ ይቀለዋል።

የሕፃናት ጡጦ ወተት፣ የላም ወተት፣ አጥሚትም ሆነ ለምግብ እጥረት የሚሰጠው ኤፍ 100 ምትክ አይደሉም። የጡጦው ወተት ጉልበቱ ያንሳል፤ ኤፍ 100 ብረት የለውም፤ የተሠራውም ለሌላ ሥራ ነው። ፎርሙላው ጨርሶ ካልተገኘ ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን ወደሚባለው ስቴሮይድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእስራኤላዊው አርዬ ሌቪን መሪነት የወጣ ጥናት ግማሹ ጉልበት ከፎርሙላ፣ ግማሹ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝና ሙዝ ከመሳሰለ ተራ ምግብ ቢመጣም ልጆች እንደሚሻላቸውና የበለጠ እንደሚችሉት አሳይቷል። እነዚህ ደሴ ገበያ የሚገኙ ናቸው፤ ያለ ፎርሙላው ግማሽ ግን ውጤቱን መጠበቅ አይቻልም።

መድኃኒቶቹ

ፕሬድኒሶሎን በቀን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 40፣ ለጥቂት ሳምንት ተሰጥቶ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፤ የሰውነት የራሱ ሆርሞን ተኝቷልና። በድሮ ወረቀት ከፋርማሲ ደጋግሞ መግዛት ቁመትንና አጥንትን ይበላል። ስቴሮይድ እሳቱን ያበርዳል እንጂ ልጁን ለዓመታት አያቆየውም። ለዚያ አዛቲዮፕሪን አለ፤ ሥራው እስኪታይ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ነጭ የደም ሴል እየተቆጠረ ይሰጣል። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ የወሰደ ልጅ ሊሞት ስለሚችል ቀኑ በስሙ ተጽፎ ይሰጥ። ለኮላይተስ ሳላዞፒሪን ወይም ሜሳላዚን ይሆናል፤ ሳላዞፒሪን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ ፎሊክ አሲድም አብሮ ይወሰዳል። መቆጣትን የሚያስነሳ ፕሮቲን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ በደም ሥር ሲጀመር፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ ይሰጣል፤ የተኛ ቲቢን ስለሚቀሰቅስ ከመጀመሩ በፊት ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ መጣራት አለባቸው።

ተመራማሪዎች ምን ይፈልጋሉ?

የልጆች ሐኪም ተመራማሪ ዋና ጥያቄ የትኛው ልጅ ነገ አንጀቱ እንደሚበሳ ዛሬ ማወቅ ነው። በአሜሪካና በካናዳ 28 ማዕከላት 913 ክሮንስ ያለባቸው ልጆች ገና ሕክምና ሳይጀምሩ ደማቸው፣ ሰገራቸውና የአንጀት ናሙናቸው ተወስዶ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ሕክምና ሳይጀምሩ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ መድኃኒት የባክቴሪያውንም የሴሉንም መልክ ስለሚቀይር በኋላ የተወሰደ ናሙና ሕመሙንና መድኃኒቱን ይቀላቅላል። ውጤቱ በሱብራ ኩጋታሳን መሪነት እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በ90 ቀን ውስጥ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያለ መድኃኒት የጀመሩት አንጀታቸው የመበሳቱ ዕድል ቀነሰ፤ የመጥበቡ ዕድል ግን አልቀነሰም። ጠባሳ ለመሥራት የተዘጋጁ ጂኖች ምልክት በአንዳንዶቹ ናሙና ላይ ከመጀመሪያው ይታይ ነበር። መቆጣትና ጠባሳ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው ማለት ነው፤ ለሁለተኛው መድኃኒት ገና እየተፈለገ ነው።

ሌላው መንገድ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በሚታመሙ ሕፃናት ላይ የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መቆጣትን የሚያበርደው የኢንተርሉኪን 10 ተቀባይ የተበላሸባቸው ሕፃናት በአንድ ጂን ስህተት ብቻ ከባድ የአንጀት ቁስል እንደያዛቸው ታወቀ፤ የመቅኒ ንቅለ ተከላም ፈወሰ። ይህን የመሰሉ ሕመሞች እናትና አባት ዘመዳሞች በሆኑበት ቤት ይበዛሉ። ሕፃን ሳለ ደም ካስቀመጠው፣ ፊንጢጣው ከቆሰለና በዚያው ሕመም የሞተ ወንድም ወይም እህት ካለው ይህ መነገር አለበት።

በሽታው የሀብታም አገር ብቻ ይባል ነበር። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን በሽታው እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ በመካከላቸው እንደጨመረ አሳይተዋል፤ ዘር ሳይለወጥ አኗኗር ሲለወጥ ማለት ነው። ስለ ጂኖቹ የሚታወቀው አብዛኛው ከአውሮፓ ዘር የመጣ ስለሆነ ለእኛ ልጆች በቀጥታ አይገለበጥም።

ልጁ ከደሴ ወይም ከወልዲያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍለት ቤተሰቡ ይዞ የሚሄደው ብዙ ነው፦ የቁመትና የክብደቱ ቁጥሮች ከነቀናቸው፣ እስካሁን የወሰዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ስማቸውና ስንት ቀን፣ የቲቢ ምርመራው ውጤት፣ የክትባት ካርዱ፣ የፓቶሎጂው ወረቀት። ከወረቀቱ ጋር ናሙናው የተቀበረበትን ትንሽ የሰም ብሎክም ይጠይቁ። እንደገና ተቆርጦ በሌላ ባለሙያ ሊታይ ይችላል፤ ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቀ ከብዙ ዓመት በኋላም ከእሱ ጂን ይወጣል። በአውቶቡስ ሲሄዱ መስኮት ሥር ወይም ሞተሩ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ሰሙ ይቀልጣል።